የሰው አካል የተሠራው ለእህልና ለአትክልት ብቻ ነው ወይስ ለሥጋም ጭምር?

የጦሳ ሥር፣ ደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ከቤታችን የተነሣ ነው። ታናሽ እኅቴ የዐቢይን ጾም ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጾማ ብታጠናቅቅም ፋሲካ ሲደርስ አልፈሰከችም። እናታችን ሌሊቱን ቆማ የሠራችውን ዶሮ አውጥታ ፈረሰኛውን በፊቷ ብታኖርላት፣ በአክብሮት ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጋ ከእንግዲህ ሥጋም ወተትም እንቁላልም እንደማትቀምስ ነገረችን። ምክንያቷ ሃይማኖታዊ አይደለም። በስልኳ ከተከታተለቻቸው ትምህርቶች ተነሥታ የሰው አካል ራሱ የተሠራው ለዕፀዋት ምግብ ብቻ ነው የሚል እምነት አድሮባታል።

አንጀታችን እንደ በግ አንጀት ረጅም ስለሆነ ሥጋ ውስጡ ሲዘገይ ይበሰብሳል ትላለች፤ ጥርሳችንም እንደ ድመት ጥርስ የሾለ አይደለም ትላለች። እናታችን በበኩሏ «ሥጋ ካልተፈቀደልን ክራንቻ ጥርስ ለምን ተሰጠን?» ብላ ትመልስላታለች። ሁለቱም ከአካል ተነሥተው ወደ ተቃራኒ መደምደሚያ ስለሚደርሱ እኔ መሐል ላይ ቀርቻለሁ።

ነገሩን የተራ ክርክር ጉዳይ እንዳላደርገው የከለከለኝ እኅቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗ ነው። የሰው አካል አሠራር ይህን ጥያቄ በእርግጥ የሚፈታው ከሆነ በዕውቀት የምትናገሩ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የጾምን ሥርዓት ግን ለየነፍስ አባቱ እንተወውና በአካሉ ጉዳይ ላይ እንቆይ።

ባለ ሉካንዳ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ። እኔ የተማረ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ በግና በሬ ስገፍ ስለኖርኩ የከብትን ሆድ ዕቃ እንደ ገዛ እጄ አውቀዋለሁ። እኅትዎ የሰው አንጀት እንደ በግ አንጀት ነው ማለቷን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የበግ ሆድ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገጥምህ ጨጓራው ነው። ከሌላው ዕቃ ሁሉ ገዝፎ ግራውን ጎን ይሞላዋል፤ ብትወጋው ትኩስ የሣር ሽታ ያለው አየር ይወጣና ውስጡ ገና ያልደቀቀ ፈርስ ታገኛለህ። ፎጣ የመሰለው አንዱ ክፍል ነው፤ የማር እንጀራ የመሰለ መረብ ያለበት ሌላው ነው፤ ከዚያ ሽንፍላው ይመጣል። ሽንፍላን ያጠበች ሴት ሁሉ እንደምታውቀው፣ ቅጠሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ በየመካከሉ ፈርስ ስለሚይዝ አንድ በአንድ እየተገለጠ ካልታጠበ አይጠራም። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ለስላሳው አራተኛው አለ። አንጀቱን ከሞራው እየለየሁ በእጄ ስስበው ከአሥር ክንድ ያልፋል፣ ከሃያ ክንድ ያልፋል፣ ከዚያም ይቀጥላል። በጉ እኮ ከጉልበቴ እምብዛም ከፍ አይልም።

የሰውን ሆድ ከፍቼ አላውቅም፣ አላህም አያሳየኝ። ነገር ግን ሰው ሣር አኝኮ ውጦ፣ መልሶ ወደ አፉ አምጥቶ አያመሰኳም። አራት ክፍል ያለው ጨጓራም እንደሌለን ሕፃን ያውቀዋል። እንግዲህ መምህራኑ የቀረውን ያስረዱን።

የባዮሎጂ መምህር፣ ወልዲያ

ባለ ሉካንዳው የገለጹት ትክክል ነው፤ ከመጽሐፍ ከሚገኘውም የጠራ ነው። እኔ ከጥርሱ ልጀምር፤ ምክንያቱም እናትዎም እኅትዎም የተደገፉበት እሱ ስለሆነ ነው።

ክራንቻ ጥርስ ስላለን ሥጋ በል ነን የሚለው ክርክር የማያስኬድ መሆኑን ለማየት ከወሎ መውጣት አያስፈልግም። ወደ ቦረና ሳይንት በኩል ደጋው ላይ የሚገኙትን ጭላዳዎች ያየ ሰው፣ ወንዱ ከንፈሩን ገልጦ ሲያዛጋ የሚታየው ክራንቻ ጥርስ እንደ ጩቤ የረዘመ መሆኑን ያስታውሳል። ያ እንስሳ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነጨ የሚውል፣ ከሚበላውም አብዛኛው ሣርና የሣር ሥር የሆነ ፍጡር ነው። ክራንቻው ሌላውን ወንድ ለማስፈራራትና ለመዋጋት እንጂ ለምግብ አልተሰጠውም። የእኛ ክራንቻ ደግሞ ከአጠገቡ ካሉት ጥርሶች እምብዛም ስለማይበልጥ ስለምግባችን ብዙ የሚነግረን ነገር የለም።

ይሁን እንጂ የእኅትዎ አባባልም በዚሁ መንገድ ይወድቃል። ድመትና አንበሳ መንጋጋቸው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚከፈት ሲሆን የኋላ ጥርሳቸው እንደ መቀስ ሥጋ ይቆርጣል። በግ ደግሞ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ የኋላ ጥርሱም ሣር የሚፈጭ ወፍጮ ነው። ከ32 ጥርሶቻችን መካከል የመንጋጋዎቹ ጉብታ ዝቅ ያለና የደነዘዘ ነው፤ ይህን ዓይነት መንጋጋ በአሳማና በድብ አፍ ውስጥ እናገኘዋለን፣ እነሱም ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ ናቸው።

ወደ አንጀት ስንመጣ በስልክ የሚሠራጨው ስሌት የተሳሳተበትን ቦታ ማሳየት እፈልጋለሁ። የሰው ትንሹ አንጀት ከ6 እስከ 7 ሜትር፣ ትልቁ አንጀት ደግሞ 1.5 ሜትር ያህል ነው። ይህ በቁመታችን ሲካፈል አራት ወይም አምስት እጥፍ ይሆናል። እግርን ትተን ከራስ እስከ መቀመጫ ብቻ ብንለካ፣ እንስሳትም የሚለኩት በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ወደ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። የድመት አራት እጥፍ አካባቢ ሲሆን የበግ ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ነው። በየትኛውም ስሌት ብንሄድ ሰው ከሁለቱ መካከል ላይ ይቆማል፤ ወደ በግ ግን ከቶ አይደርስም። ሥጋም አንጀታችን ውስጥ አይበሰብስም። በጨጓራችን አሲድና በትንሹ አንጀት ኢንዛይሞች ተፈጭቶ ይዋጣል፤ ወደ ትልቁ አንጀት አልፎ ባክቴሪያ የሚያብላላው በአብዛኛው የእህሉና የጎመኑ አሰር ነው። ይህም ለጤናችን የሚጠቅም ሥራ ነው።

ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱና ድርሻው የበለጠ ይናገራል። በቺምፓንዚና በጎሪላ ዘንድ ከጠቅላላው የምግብ ቧንቧ ከግማሽ የማያንሰው ትልቁ አንጀት ነው፤ ቅጠልና ጠንካራ ፍሬ የሚያብላሉት በእሱ ነው። በሰው ዘንድ ድርሻው ተገልብጦ ትንሹ አንጀት ከግማሽ በላይ ሲይዝ ትልቁ አንጀት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ ሆኗል። ትርጉሙ ሰው ከአፉ ውጭ ተዘጋጅቶና ደቅቆ የሚመጣ፣ ኃይሉ የታመቀ ምግብ ይፈልጋል ማለት ነው። ሥጋ እንዲህ ያለ ምግብ ነው፤ የበሰለ ሥራ ሥርና ተቦክቶ የተጋገረ እህልም እንዲህ ያለ ምግብ ነው። በሃርቫርድ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ሪቻርድ ራንግሃም ጥርሳችንንና አንጀታችንን ያሳነሰው እሳት ነው ብለው ይከራከራሉ። እሳት መቼ እንደተጀመረ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ባይስማሙም፣ ምጣድና ድስት ከአንጀታችን ሥራ እኩሌታውን እንደተረከቡ ከጥሬ ባቄላና ከበሰለ ባቄላ ልዩነት ብቻ መረዳት ይቻላል።

በዕፀዋት በኩል ያለውን ማስረጃም መሸሸግ አይገባም፤ እኅትዎ በከንቱ አልተነሣችም። ቫይታሚን ሲን አካላችን መሥራት አይችልም፤ አብዛኞቹ እንስሳት ሲሠሩት እኛ ግን በቀደምት የዝንጀሮ ወገኖቻችን ዘመን ያጣነው ችሎታ ነው። ያጣነውም ፍራፍሬና ቅጠል ሳይቋረጥ ይገኝ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም። ምራቃችን ውስጥ ስታርችን የሚሰብር ኢንዛይም አለ፤ ለዚህም ነው ዳቦ ሲያላምጡት እያደር የሚጣፍጠው። የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ቺምፓንዚ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲይዝ ከሰዎች መካከል ከ10 በላይ የያዙ አሉ። የካሮትንና የጎመንን ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ እንለውጣለን፤ ድመት ይህን አትችልም፣ የስኳርንም ጣዕም አትለይም።

ስለዚህ የአካላችን ምስክርነት ሁለቱንም መብላት እንችላለን የሚል ነው። «እንችላለን» ማለት ግን «ግድ ነው» ማለት አይደለም፤ በዚህ ሥፍራ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ሐይቅ ዳር

መምህር፣ ትምህርትዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። እኔ ሥጋ ከተውኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አንበሳና ጅብ ዕድሜ ልካቸውን ስብ ሲበሉ ደም ሥራቸው አይደፈንም፤ የሰው ግን ይደፈናል። ይህ አካላችን ለሥጋ እንዳልተሠራ አያሳይም? ደግሞም በየገዳሙ ሥጋ ሳይቀምሱ የሚያረጁ አባቶችን እያየን ያደግን የሐይቅ ልጆች፣ ያለ ሥጋ አይኖርም የሚለውን ቃል እንዴት እንቀበለዋለን?

የባዮሎጂ መምህር፣ ወልዲያ

ያለ ሥጋ አይኖርም አላልኩም፤ ይኖራል። የደም ሥሩ ነገር ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ሥጋ በል እንስሳት ብዙ ስብ ቢበሉም ኮሌስትሮልን በቀላሉ ስለሚያስወግዱ ደም ሥራቸው እንደ እኛ አይጎዳም። ይህም ስብ የበዛበትን ሥጋ በየዕለቱ ማብዛት ለሰው እንደማይስማማ በእርግጥ ያሳያል። ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመንና ያልተፈተገ እህል የሚያዘወትር ሰው ለልብ ሕመም የሚያጋልጠው ነገር እንደሚቀንስም የታወቀ ነው። ይህ ግን መጠንን የሚመለከት ነው። ብዛቱ የሚጎዳ ምግብ ሁሉ ለሰው አልተፈጠረም ብንል ጨውንም መተው ሊኖርብን ነው።

ሥጋ መብላታችን የቅርብ ጊዜ ልማድ አለመሆኑን የሚያሳየውን ማስረጃ ደግሞ በደጃችን እናገኘዋለን። ከባቲ ወደ አፋር ቁልቁል ሲወረድ ባለው ምድር፣ ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ከተገኘችበት ከሐዳር ብዙ ሳይርቅ፣ ጎና በተባለው ሥፍራ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በመካከለኛው አዋሽ በቡሪ ደግሞ በድንጋይ የተቆራረጡና መቅኔያቸው እንዲወጣ የተሰበሩ የ2.5 ሚሊዮን ዓመት የእንስሳት አጥንቶች ወጥተዋል። ጥርሳችን ቆዳ መቅደድ አለመቻሉ እውነት ነው፤ በጥርስ ፋንታ በድንጋይ ሲቀደድ ግን ይህን ያህል ዘመን ሆኖታል።

ባለ ሉካንዳ፣ ኮምቦልቻ

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ኮሶ ይይዘዋል። አካላችን ለሥጋ የተስማማ ቢሆን ይህ ትል ለምን ያጠቃናል?

የባዮሎጂ መምህር፣ ወልዲያ

ይህን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ ክፍል ውስጥም ሳስተምረው ተማሪዎቼ የሚደነቁበት ነገር ነው። የበሬው ኮሶ ትል ጎልምሶ እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። በውሻ አይኖርም፣ በጅብ አይኖርም፤ በሬው ራሱ ዕጩን በሥጋው የሚሸከም ማደሪያ ነው። አንድ ጥገኛ ትል በአንድ ፍጡር አንጀት ላይ እንዲህ ተለይቶ እስኪመሠረት ድረስ እጅግ ረጅም ጊዜ ያስፈልገዋል። ከብት ማርባት ሲጀመር ከከብት ወደ ሰው ተላለፈ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የዘር ሐረግ ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው፤ የዚህ ትል የቅርብ ዘመድ በአንበሳ ውስጥ የሚኖረው እንደሆነና፣ ቅድመ አያቶቻችን ከብት ከመልመዱ በፊት በአፍሪካ ሜዳ ላይ አንበሳ የሚበላውን የዱር እንስሳ ሲበሉ እንደያዛቸው አመለከተ። በዚህ መሠረት ኮሶን ለከብት የሰጠነው እኛ ነን ማለት ነው። በደጋው የበቀለውን የኮሶ ዛፍ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በባዶ ሆድ የጠጡ አያቶቻችን የዚህን ያህል ያረጀ ታሪክ እያከሙ እንደነበር አላወቁም።

ሥጋ እንደሚስማማን ያሳያል ያልኩትን ጥሬው አይጎዳም እንዳልኩ አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ። ነፍሰ ጡር ሴት ጥሬ ሥጋ ከቶ መብላት የለባትም።

አዋላጅ ነርስ፣ ኩታበር

የሁላችሁንም አስተያየት አንብቤ ትልቁ ነገር እስካሁን ሳይነሣ በመቆየቱ ስለተጨነቅሁ ልጻፍ። ጠያቂው ወንድሜ፣ ለእኅትዎ አሁን የሚያስፈልጋት የአንጀት ርዝመት ክርክር አይደለም። የሚያስፈልጋት ቫይታሚን ቢ12 ነው።

ይህ ቫይታሚን በእህልም በአትክልትም ውስጥ አይገኝም፤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። በጉ ባለ ሉካንዳው በገለጹት ጨጓራው ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካይነት ያገኘዋል፤ እኛ ደግሞ ከበጉ ሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ እናገኘዋለን። በእኛም ትልቅ አንጀት ውስጥ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን ቢ12 የሚዋጠው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከዚያ በታች የተሠራው አይጠቅመንም። የእንጀራ እርሾም ቢሆን በዚህ ረገድ አይታመንበትም። መምህሩ ስለ አካል አሠራር የተናገሩትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሰው ከዕፀዋት ብቻ ኖሮ ሊጎድለው የሚችለውን በግልጽ የሚያሳየው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጾም ወራት ለምን እንደማይጎዳን ትጠይቁ ይሆናል። ጉበታችን ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያከማቻል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ጎተራው ተመልሶ ይሞላል። ጨርሶ ያልተመለሰ ሰው ግን ክምችቱ ቀስ በቀስ እየተሟጠጠ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ የደም ማነስና የማስታወስ ችግር ይከተሉታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሕፃኑ ነው። ሲወለድ የሚኖረው ክምችት እናቱ በእርግዝና የሰጠችው ብቻ ነው፤ እሷ ከጎደላት እሱም ባዶ እጁን ይወለዳል፣ ጡቷም አያካክስለትም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጎሉና ነርቩ የሚደርስበት ጉዳት ሁልጊዜ የሚመለስ አይደለም። አዋቂ ሴት በቀን 2.4 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር 2.6፣ የምታጠባ ደግሞ 2.8 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። መጠኑ ከጨው ቅንጣት ያነሰ ቢሆንም ከሌለ የሚተካው የለም።

በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር በብዛት የሚሰጠው እንክብል 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፤ ቢ12 የለበትም። ይህን የምለው ብዙ እናቶች «እንክብሉን እየወሰድኩ ነው» ብለው ሁሉም የተሟላላቸው ስለሚመስላቸው ነው። እንዲያውም ፎሊክ አሲዱ ደሙን አስተካክሎ ሊያሳይ ስለሚችል የቢ12 ጉድለት ነርቭን እየጎዳ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። እንክብሉን ግን እንዳታቋርጥ አደራ እላለሁ።

በሌላው በኩል እኅትዎ የምትበላው ምግብ የሚናቅ አይደለም፤ ይህንንም ለእናትዎ ይንገሩልኝ። የጤፍ እንጀራ በሽሮ ወይም በደላንታ ምስር ስትበላ እህሉ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላዋል። ሊጡ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሳል፤ በሎሚ የታሸ ሰላጣ ወይም ቃሪያ አብሮ ሲበላ ደግሞ ብረቱ በተሻለ ይዋጣል። ለዚህ ሁሉ እንቅፋት የሚሆነው ከማዕድ ሳይነሡ የሚጠጣው ቡናና ሻይ ነው፤ ብረቱን ይይዘዋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይላት። ጓያንም ዘወትር የምትመገበው እንዳታደርገው፤ በድርቅ ዘመን ለወራት እሱን ብቻ የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ የሆነበትን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል።

እንቁላልና ወተት ከተቀበለች ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። ካልተቀበለች ቢ12 በኪኒን ወይም በመርፌ መውሰድ ይኖርባታል፤ ይህም ለሐኪም ተነግሮ የሚታዘዝ ነው። በምርጫዋ አታሸማቅቋት፤ የተሸማቀቀች እናት ለክትትል ስትመጣ የምትበላውን ትደብቀናለች።

የጦሳ ሥር፣ ደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተጻፈውን ሁሉ ትናንት ማታ ለእኅቴና ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። እናቴ የጭላዳውን ክራንቻ ስትሰማ አገጯን ይዛ ዝም አለች፤ ያደገችው በዚያው በቦረና በኩል ስለሆነ ወንዱ ጭላዳ ጥርሱን ሲያሳይ በልጅነቷ እንዴት ትሸሽ እንደነበር ነገረችን። እኅቴ ደግሞ የአዋላጅ ነርሷን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ሕፃኑን የሚመለከተው ጋ ስደርስ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር።

ሥጋውን እንደማትመለስበት ተናግራለች፤ ማናችንም አልተጫንናትም። ዛሬ ጠዋት ግን እናቴ ከምስር ወጡ ጎን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አስቀምጣ ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኅቴ አንዱን ልጣ ጨው ነስንሳ በላች፤ ሌላውን ለማታ አኖረችው። ቡናው የተቆላው ማዕዱ ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሐሙስ የክትትል ቀጠሮዋ ስለሆነ የቢ12ን ነገር በወረቀት ጽፌ በካርዷ ውስጥ አስገብቼላታለሁ።